የባና ክብደት

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእየሩስ አባይነህ፣
አዲስ አበባ።

ክረምቱን እንዴት ከረምሽ? እኔ ጉልበቴን ካልጠየቅሽኝ ደኅና ነኝ።

ይህን ማን ጻፈልሽ እንዳትዪ። ራሴ ነኝ የጻፍኩት። እስከ ዛሬ የላክሽውን ሁሉ የሚያነብልኝ ያ የፍርድ ቤት ደጅ ራፖር ጸሐፊ ነበር፤ ለእኔ ከማንበቡ በፊት ለገበያው እንደሚያነበው የደረስኩበት ዘግይቼ ነው። አባትሽ ካረፈ ወዲህ መሪጌታ ገብረየሱስ ዘንድ ሄድኩና ከሕፃናቱ ጋር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ፣ የልጆቹ እናቶች ደግሞ የባሰ ሳቁ። መሠረተ ትምህርት በግድ ሲያስተምሩ እምቢ ያልኩ ሴት አሁን በውድ መማሬ ለእነሱ ቀልድ ሆነ። ይሁን። ቀስ ብዬ እጽፋለሁ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ብርድ ልብሱ ደርሶኛል፤ የነብር ሥዕል ያለበት። ለምን ዝም አልሽ ላልሽው፣ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው። ከበግ ጸጉር ባና ሠርቶ ለሚያድር ቤት ብርድ ልብስ መላክ ለቄስ ቤት ጠበል እንደ መላክ ነው። በክፋት እንዳላደረግሽው አውቃለሁ። እንግዳ ሲመጣ መደብ ላይ አነጥፈዋለሁ፤ ነብሩ ከእንግዳው በፊት እኔን ያየኛል።

ሥራው እንዴት ነው ብለሻል። አባትሽ እንደተወው ነው። ጸጉሩን በግ ሲሸለት ከባለበጎቹ እገዛለሁ፣ ሴቶቹ እኔ ዘንድ ተሰብስበው ይፈትላሉ፣ በአባትሽ የሽመና ዕቃ ላይ አባትሽ ያስተማረው ወልደ ጻድቅ ይሸምናል። ከዚያ በፍል ውሃ እያራስን ሁላችንም ወገብ ለወገብ ተያይዘን እንረግጠዋለን፣ እስኪጠብቅ ድረስ። አንቺም ልጅ ሳለሽ ረግጠሻል፣ ረስተሽው ካልሆነ።

ገበያውም ጥሩ ነው። እንዲያውም ቀሎኛል። ታዲዮስ የሚባል የጅሩ ሰው መጥቶ በገበያው ዳር፣ አህያ ከሚታሰርበት ላይ ላስቲክ አንጥፎ እንዳንቺው ነብር ያለ ብርድ ልብስ ይሸጣል፤ ከማን ያመጣው ይሆን? የሚገዙት ቤት ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆች፣ የቀን ሠራተኞችና የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው። እነሱ ድሮም ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚያድሩ እንጂ ባና የሚገዙ አልነበሩም። ገዢ መስለው እየመጡ ሲዳብሱ፣ ሲጨቃጨቁ ውለው ባዶ እጃቸውን የሚሄዱት ሁሉ አሁን ወደ እሱ ሄዱልኝ። እኔ ዘንድ የቀሩት ሠርግ ደጋሹ፣ ባለበጉና ካህኑ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከዓመት ዓመት ወፈር ያለ፣ ከበድ ያለ ይጠይቁኛል። ወልደ ጻድቅ «አሁን ገና ሰው ለሰው ተገናኘን» ይላል።

ብራና የለኝም፣ ወረቀቴ እዚህ ላይ አለቀ። ብርዱን ቻይው።

አመተሥላሴ

*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አመተሥላሴ፣

እንደምን ከረሙልኝ? የእጅዎን ጽሑፍ ሳይ የሌላ ሰው ደብዳቤ የደረሰኝ መስሎኝ አድራሻውን ደግሜ አነበብኩ። ከዚያ «ጉልበቴን ካልጠየቅሽኝ» የሚለው ላይ ስደርስ እርስዎ መሆንዎን አወቅሁ። ስለ ነብሩ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ታዲዮስ ብርድ ልብሱን ከማን ያመጣል ላሉኝ፣ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ? ከእኛ ሱቅ ነው። መርካቶ እኔ ተቀጥሬ ከምሠራበት ሱቅ። እሽጉን የማስርለትም እኔ ነኝ። ወደ መሐል ሜዳ እንደሚወስደው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፣ ባውቅም ግን አላስርም ማለት አልችልም ነበር።

ሌላ ያልነገርኩዎ ነገር አለ። ማታ ማታ የንግድ ሥራ አመራር እማራለሁ። አንድ መምህር አለን፣ አቶ ይሥሐቅ ይባላል። በቀደም ነባሩን ንግድ ስለሚያናጋ ፈጠራ አስተማረን። እርስዎን እያሰብኩ ነው የሰማሁት። ብርቱ ነጋዴን የሚጥለው የተሻለ ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው አይደለም ይላል። የባሰ ዕቃ ይዞ የመጣ ነው። የባሰ፣ ግን ርካሽና ለመያዝ የሚቀል። መጀመሪያ የሚገዙት ብርቱው ነጋዴ ቁም ነገሬ የማይላቸው ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ብርቱው አይሰጋም፤ እንዲያውም ጨቅጫቃዎቹ ሄዱልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ያ የባሰው ዕቃ ግን እዚያው ታች አይቀመጥም። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተሻሻለ ይወጣል። ብርቱውም ለቀሩት ምርጥ ደንበኞቹ የበለጠ ምርጥ እየሠራ ወደ ላይ ይሸሻል፣ መሸሻው እስኪያልቅ ድረስ።

ይህን ስሰማ የርስዎ ደብዳቤ በቦርሳዬ ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፌን ስለ ባና ልጽፍ አስቤያለሁ፣ ከፈቀዱልኝ። ባና ጥሩ ነው የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? ደግሞ ሳሳ ያለ፣ ለኪራይ ቤት ልጆች የሚሆን ቢያሠሩስ?

ጤናዎን ይስጥልኝ።

ልጅዎ እየሩስ

*

መሐል ሜዳ፣ መጋቢት 2 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእየሩስ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለመናደድ፣ አንዴ ለመረዳት። በመጀመሪያው በርትቻለሁ።

እሽጉን አንቺ እንደምታስሪው አልነገርኩም፣ ለማንም። ለራሴ ግን ነግሬዋለሁ። የእንጀራ እናት ልጅ አሳድጋ ምን ታገኛለች ይሉ ነበር፣ አባትሽን ሳገባ። ይኸው።

ስለ ባና ጻፊ። አልከለክልሽም፣ አባትሽ የኖረበት ሥራ ነው። ባና የሚለካው በክብደቱ ነው። ገዢው ትከሻው ላይ ስጥለው «እህ» ካላለ ባና አይባልም። በእኛ ዘንድ የሙሽራ ባና ከመኪና ወይም ከበቅሎ ሲወርድ ሚዜዎቹ ለሁለት ያነሱታል። አንዱ በአንድ እጁ ካነሳው የሙሽራዋ ወገን አንገቱን ይደፋል። እኔ ስዳር የእኔ በአንድ እጅ ተነስቷል። ስለዚህ ክብደት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ መምህርሽ ባያውቅም።

ሳሳ ያለ ስላልሽው፣ እንዳትቀየሚ ብዬ ወልደ ጻድቅን ጠየቅሁት።

«ሳሳ ያለ ብንሠራስ?»

«ለማን እትዬ?»

«ለሌላው ሰው።»

«ወንፊት ልሸምንልዎ?» አለ። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጥሩሸዋ ብቻ አልሳቀችም። ከግሼ የመጣችው ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ አታውቂያትም። ድሮም ፊቷ አይፈታም ብዬ አለፍኳት።

አየሽ፣ እኔ ብፈልግ እንኳ ሥራው ራሱ እምቢ ይላል። በሳሳ ጨርቅ ላይ ያን ሁሉ ሴት ማቆም አይቻልም፤ ተረከዝ ይበሳዋል። እርግጫ ከሌለ ሴቶቹ ለምን ይመጣሉ? እዚያ ላይ የሚወራው ሌላ ቦታ አይወራም። የማን ባል ምን እንዳደረገ፣ የማን ልጅ የት እንደቀረች፣ ሁሉ የሚወጣው በዜማ ነው፣ ውሃው እየተነነ። ወልደ ጻድቅ የተማረው ወፍራም መምታት ነው፣ እጁ ሌላ አያውቅም። ደግሞስ፣ ወፍራም ፈልጎ ደጄ የቆመውን ደንበኛ ትቼ፣ ሳሳ ያለውን በርካሽ ውሰዱልኝ እያልኩ አህያ ማሰሪያ ድረስ ልውረድ? የትኛው ባለ አእምሮ ነጋዴ ነው ይህን የሚያደርግ? ይህን መምህርሽን ጠይቂልኝ። ሰነፍ ብሆን ኖሮ ስንፍናሽ ነው ይለኝ ነበር። እኔ ግን አልሰነፍኩም።

ሁዳዴው ገብቷል፣ ጾሙን አትሻሪ።

አመተሥላሴ

*

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእየሩስ፣

ለምን ጠፋሽ ብለሽ ሦስቴ ጽፈሽልኛል። የምጽፈው ጥሩ ነገር ሳጣ መጻፍ አልወድም። በራስ እጅ የመጻፍ ጥቅሙ ዝም ማለት መቻሉ ነው፤ ጸሐፊው ቢሆን ኖሮ የገጹ ዋጋ እንዳይቀርበት አንድ ነገር ያስጽፈኝ ነበር።

የውባየሁን ልጅ ሠርግ ሰምተሻል። ባለብዙ በጉ ውባየሁ፣ አባትሽ ክርስትና ያነሳው። ልጁን ሲድር ባናዋን ከእኔ እንደሚወስድ ማን ይጠራጠራል? ወልደ ጻድቅ ሳይታዘዝ ጀመረው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ አልሠራም፤ ጥቁሩን ከቡኒው እያገናኘ፣ ጠርዙን እንደ አንገት ማተብ እየጎነጎነ። ስንረግጠው ሁለት ቀን ወገባችን ተቆረጠ። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ዳበሰው፣ መረቀን።

ውባየሁ ራሱ መጣ። ባናውን አየው፣ ከዚያ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«እትዬ፣ ልጅቷ ደብረ ብርሃን ልትኖር ነው» አለኝ።

«እዚያም ይበርዳል።»

«ባና ማጠብ አልችልም አለች።»

«ባና ይታጠባል እንዴ?»

«ችግሩ ይኸው ነው» አለ።

ሁለት ብርድ ልብስ ገዛላት፣ ከታዲዮስ። ታዲዮስ አሁን ላስቲክ ላይ አይደለም፤ በገበያው መሐል ባለቆርቆሮ ሱቅ አለው። ብርድ ልብሶቹም ያኔ የላክሽልኝ ዓይነት አይደሉም። ገብቼ ዳብሻቸዋለሁ። ወፈር ያሉ፣ በሁለት ፊት ጸጉር ያላቸው፣ ጠዋት ታጥበው በዚህ በእኛ ውርጭ እንኳ ማታ የሚደርቁ። ካህናቱም መግዛት ጀምረዋል፣ ሌላው ይቅርና። ባናው እኔ ቤት ተጣጥፎ አለ። እሱን የሚያነሳ ሁለት ሚዜ አላገኘሁም።

ስንት ሴት ቀረ ላልሽው፣ አትጠይቂኝ። ይልቅ ጽሑፍሽ አለፈ ወይ፣ ምን ብለሽ ደመደምሽ፣ ሥራሽስ እንዴት ነው?

አንድ ነገር ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። በግ ሲሸለት የሆዱና የእግሩ ጸጉር አጭርና ሻካራ ስለሆነ ለባና አይሆንም፣ እንጥለዋለን። ጥሩሸዋ ልውሰደው ስትለኝ ትራስ ልትሞላበት መስሎኝ ውሰጂው አልኳት። ለካስ እቤቷ ግድግዳ ላይ አራት እንጨት አስደግፋ ትሸምንበት ኖሯል። ክንድ የማይሞላ፣ ሸካራ፣ ያልተረገጠ፣ ከጭነት ሥር የሚደረግ የአህያ ደልዳል የመሰለ ነገር። መናኸሪያ ስሄድ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ወንበሩ ላይ አንጥፎ ተቀምጦበት አየሁ።

«ይህ ከማን ነው?» አልኩት።

«ከመቀመጫ ብርድ የሚያድን ነው እማማ። ከአመተሥላሴ ቤት ነው የወጣው አሉ» አለኝ። አላወቀኝም።

ጥሩሸዋን ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ያዝኳት።

«ምንድነው የምትሠሪው?»

«መቀመጫ።»

«ባና ነው ብለሽ ትሸጫለሽ?»

«ባና አላልኩም። የሚገዙኝ ሰዎች ባና አይገዙም።»

«በእኔ ስም?»

«ስም አልጠራሁም። ጸጉሩን ከየት አመጣሽ ሲሉኝ ነገርኳቸው። ጉድፍ ነው እኮ እትዬ፣ ውሰጂው ብለውኛል።»

«ከዛሬ ጀምሮ እርግጫ እንዳትመጪ» አልኳት።

እንዝርቷን አነሳች። ወደ በሩ ሄደች። ጠጄ፣ ያቺ ዜማ አውጪዋ፣ ተከትላት ወጣች። አሁን ስንረግጥ ዜማውን የሚያወጣው ወልደ ጻድቅ ነው፤ እንደ ፍየል ነው የሚጮኸው።

ልክ ነሽ እንድትዪኝ አልጻፍኩልሽም።

አመተሥላሴ

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 18 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አመተሥላሴ፣

የውባየሁን ነገር ሳነብ በጣም አዘንኩ። ልጅቷን ልጅ ሆነን አውቃታለሁ፤ ልትንቅ ብላ እንዳልሆነ ይወቁልኝ። የምትኖርበት ቤት አንድ ክፍል ነው።

ጽሑፌ አለፈ ወይ ላሉኝ፣ አልፏል። ምን ብለሽ ደመደምሽ ላሉኝ ግን መልሱን ሦስት ቀን ይዤው ነበር። የመንዝ ባና ሥራ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይጠፋል ብዬ ነው የደመደምኩት። እርስዎ ስለሰነፉ ሳይሆን ስላልሰነፉ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ምርጥ ደንበኛዎን ሰሙ፣ የጠየቀዎትን ሠሩለት፣ እሱም ትቶዎት ሄደ። መምህሩ «ይህቺን ሴት ባገኛት» አለኝ። ተቆጥተው እንደሚያስወጡት አልነገርኩትም።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልድፈር። ታዲዮስ ከታች ሲመጣ ከሩቅ ነበርና እንዴት ያዩታል? አሁን ከታች የመጣችው ግን ከራስዎ ቤት ናት። እሷም የባሰ ዕቃ ይዛ፣ ለማይቆጠሩ ሰዎች እየሸጠች ነው። መምህሩ የሚለው፣ ነባር ቤት አዲሱን ሥራ ሁልጊዜ በራሱ ሚዛን ነው የሚመዝነው፤ ሁልጊዜም ቀሎ ያገኘዋል። ስለዚህ አዲሱ ሥራ የራሱ ቤት፣ የራሱ ሰው፣ የራሱ ሚዛን ይፈልጋል ይላል። ሹፌሩ በክብደት አልገዛም። እንዳይበርደው ነው የገዛው።

ይህን ካልፈለጉት ሌላ መንገድ አለ። እዚህ አንድ ትልቅ ሆቴል የሚያሠራ ሰው የድሮ የሸማኔ ዕቃ ለእንግዳ መቀበያው ጌጥ ይፈልጋል። የአባቴን ዕቃ ነገርኩት። እንደ ቅርስ ይይዘዋል። እሱን ሰጥተው ወደ እኔ ይምጡ። ክፍሌ ለሁለት ይበቃል። ደከሙ እኮ።

ስለ እኔ ሥራ ለጠየቁኝ፣ ደኅና ነው። ልባሽ ጨርቅ የሚሸጡ ልጆች በራችን ላይ ያገለገለ ብርድ ልብስ መደርደር ጀምረዋል። አሠሪዬ «የእነሱ ገዢ የእኛ ገዢ አይደለም» ይላል። እኔም እሽጌን አስራለሁ።

እየሩስ

*

መሐል ሜዳ፣ ሐምሌ 7 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእየሩስ፣

ሰው ሳይሞት ሙሾ አውርደሽ በዚያ ዲግሪ አገኘሽ። እንኳን ደስ አለሽ። የምሬን ነው፣ ግማሹን።

ወልደ ጻድቅ ሄደ ወይ ላልሽው፣ ሄዷል። ዓለም ከተማ ነው፣ ሞቃት አገር፣ የጥጥ ጋቢ ይሸምናል። ሲሰናበተኝ «እትዬ፣ እጄን ይዤ ልሂድ» አለኝ። ሌላ ምን ይዞ ይሄዳል? የመጨረሻውን ባና ከሴቶቹ ብቻዋን የቀረችው አልጣሽና እኔ ሁለታችን ረገጥነው። ሁለት ሴት ባና አይረግጥም። እየተያየን ቆምን፣ ውሃው ቀዘቀዘ፣ እሷም ቤቷ ሄደች፣ እኔም ቤት ውስጥ ነበርኩና ወደ የት እንደምሄድ ጠፋኝ። አልጣሽ አሁን ጥሩሸዋ ዘንድ እንደምትፈትል ሰምቻለሁ። አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ሸማኔው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ዶሮ ዕንቁላል ጣለች። አባረርኳት፣ ተመለሰች። ከዚያ ተውኳት።

መምህርሽ ያለውን አስቤበታለሁ። አንድ ነገር ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን አልነገረሽም። ከታች የሚመጣውን ማየት ዓይን አይደለም የሚጠይቀው። እኔ ታዲዮስን በየገበያው አየሁት፣ ጥሩሸዋንም አየኋት። የሚጠይቀው መውረድ ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ ታች ነው የመጣሁት፣ በአንድ እጅ ከተነሳ ባና። አባትሽ ዘንድ ገብቼ፣ ቀስ ብዬ፣ ሰው «የባና እመቤት» እስኪለኝ ወጣሁ። ውረጂ ሲሉኝ የሚሰማኝ ያ ነው። ይህን በጽሑፍሽ አላገኘሁትም፣ የሚጻፍም አይደለም መሰለኝ።

ስልክ ገዝቼ ልላክልሽ ብለሻል፣ ደብዳቤ መጠበቅ ሰለቸኝ ብለሽ። እኔ ፊደል ቆጥሬ ስጨርስ እናንተ ደብዳቤ ተዋችሁ። ይህንንም ለመምህርሽ ንገሪው።

የሆቴሉ ሰውዬ መስከረም ከጠባ ይምጣ። መንገዱ ሲደርቅ። ዕቃው የአባትሽ ነው፣ አንቺ ከፈቀድሽ እኔ ምን አግዳለሁ። ወደ አንቺ መምጣቱን ደግሞ ሳየው አስባለሁ።

አመተሥላሴ

*

መሐል ሜዳ፣ ጥር 25 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእየሩስ፣ ለልጄ፣

ሰውዬው ባዶ እጁን ተመለሰ ያሉሽ እውነት ነው። ስንት ጊዜ ብትጽፊ ያልመለስኩልሽ አንድ ነገር እስኪያልቅ ድረስ ስጠብቅ ነው። አሁን አልቋል፤ ስለዚህ በተራ ልንገርሽ።

ሰውዬው መልካም ሰው ነው፤ አክብሮ ነው ያነጋገረኝ። ጨርቁ የሚጠቀለልበትን የወይራ ግንድ በመዳፉ እያሻሸ አደነቀ፣ ቁመቱንና ወርዱን በሜትር ለካ። ዘይት ቀብተን እናበራዋለን አለኝ። ጠላ አቀረብኩለት። «ሰው እንዳይነካው ዙሪያውን ገመድ እናደርግበታለን» አለ፣ እኔን ደስ ያሰኘኝ መስሎት።

«ማንም አይነካውም?» አልኩት።

«ማንም፣ እማማ። እርግጠኛ ይሁኑ።»

ጠላውን ጨርሶ እንዲሄድ ነገርኩት። የተቆጣሁ አልመሰለውም፣ እኔም አልተቆጣሁም።

በማግስቱ ጥሩሸዋ ዘንድ ሄድኩ። የምትኖረው ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፣ ሄደሽ አታውቂም። መንገዱን እያወቅሁት ሰው ጠየቅሁ፣ እንዲረዝምልኝ ነው መሰለኝ። በሯ ላይ ጸጉር ለፀሐይ ተሰጥቷል፤ የሆድና የእግር። ውስጥ ጠጄ ናት፣ አልጣሽ ናት፣ ሌሎች ሁለት የማላውቃቸው። አልጣሽ አይታኝ እንዝርቷ ወደቀ። ጥሩሸዋ ተነስታ መቀመጫ አነጠፈችልኝ፣ ከዚያ ከራሷ ሥራ። ተቀመጥኩበት። እውነት ነው፣ ብርድ አያስገባም።

 ጠጄ «እትዬ፣ ሊገዙ ነው ወይስ ሊረግሙን?» አለች።

«ዋጋውን ልስማ እስቲ» አልኳት። ሳቁ፣ እኔም አልተቆጣኋቸውም።

ሹፌሮች ብቻ አይደሉም የሚገዙት። ትምህርት ቤቱ ለመምህራን ወንበር ወስዷል፣ ደብተራዎቹ ማሕሌት ሲቆሙ ለሚያርፉበት ወስደዋል፣ አሁን ደግሞ አንድ ሰው አልጋ ሥር የሚነጠፍ ጠይቋታል፣ ረዘም ያለ። በእነዚያ አራት እንጨቶች ረዥም አይወጣም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እኔ ስለጠየቅኋት ነው። ማን ይገዛሻል፣ ለምን ይገዛሻል፣ ምን ይጎድለዋል ይላሉ ብዬ ጠየቅኋት። ሠላሳ ዓመት ስሸጥ ማንንም እንዲህ ጠይቄ አላውቅም፤ ትከሻው ላይ እጥልና «እህ» እስኪል ነበር የምጠብቀው።

«ዕቃውን ልስጥሽ» አልኳት።

 «የርስዎ ሰፊ ነው» አለች። «ለእኔ ሥራ ወርዱ ይበዛል። ግማሹ ይበቃኛል።»

«ግማሽ ዕቃ አለ እንዴ?»

«ግንዱ ከተቆረጠ ሁለት ይሆናል። አንዱ ላይ እኔ፣ አንዱ ላይ ጠጄ።»

«ሴት ልትሸምን?»

«ወንድ አለ? ወልደ ጻድቅ ዓለም ከተማ ነው።»

ጠጄ ደግሞ ከወዲያ፣ «እሱ ቢመጣም ወንፊት ነው የሚሠራልን» አለች። ያቺ ቀልድ እኔ ቤት እንደተቀለደች አልረሳችም።

«እኔስ?» አልኳት። ይህን ለማለት ነበር የመጣሁት፣ እዚያ እስክደርስ አላወቅሁትም እንጂ።

«ጸጉር የሚለይልኝ ሰው የለም» አለች ጥሩሸዋ። «እነዚህ ሻካራውን ከሻካራው አያውቁም። እርስዎ በዓይንዎ ይለያሉ። ግን እትዬ...»

«ተናገሪ።»

«በክብደት እንዳይመዝኑብኝ።»

እኔ ላይ እንዲህ የሚናገር ሰው ኖሮ አያውቅም፣ ከአባትሽ በቀር። እሺ አልኳት።

አሁን ከእነሱ ጋር ነው የምውለው፣ ከበሩ ጎን፣ ብርሃን ባለበት። አንዳንድ ቀን ደስ አይለኝም። ሰው ሲያልፍ «የባና እመቤት ጉድፍ ትለያለች» ሲል እሰማለሁ፤ ጆሮዬ ገና ደኅና ነው። ዜማ ግን አለ፤ እርግጫ ባይኖርም ጠጄ ተቀምጣ ታወጣለች። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ መምጣቱ ይቅር። ክፍልሽ ለሁለት ይበቃል ብለሻል፣ አምኛለሁ፤ አንዱን ቦታ ለራስሽ ያዢው። ከዚያ ሱቅ በር ላይ ያገለገለ ብርድ ልብስ የሚደረድሩትን ልጆች ደግሞ ወጥተሽ አነጋግሪያቸው። አሠሪሽ ከሚልሽ ይልቅ እነሱን ስሚ።

የቀረው አንድ ነገር ነው፣ የምፈራውም እሱን ነው። ዕቃው የአባትሽ ነው፣ አንቺን ሳልጠይቅ መቁረጥ አይገባኝም ነበር። ብጠይቅሽ ግን አዝነሽ እምቢ ትዪኛለሽ፣ ወይም አዝነሽልኝ እሺ ትዪኛለሽ፤ ሁለቱንም አልፈለግሁም። ቅር ካለሽ በእኔ ይሁን፣ በእነሱ አይሁን።

ግንዱ ደረቅ ወይራ ነው፣ አባትሽ ገና ወጣት ሳለ የጠረበው። መጋዙ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ጠጄ ወንድ እንጥራ አለች፣ አልፈቀድኩም። በአንዱ ጫፍ ጥሩሸዋ ያዘች፣ በሌላው እኔ። መጀመሪያ እንጨቱ አንሸራተተን፣ ከዚያ ያዘ።  መሐሉ ላይ ስንደርስ፣ ቀይ ልቡ ሲታይ፣ ጥሩሸዋ ፊቴን አይታ እጇን አቆመች።

«ይብቃን እትዬ፣ ይረፉ። ነገም ቀን ነው» አለችኝ።

ሳቢ አልኳት።

አመተሥላሴ